ስድስት ቁጥር ቀበቶ

ሟቹ በሥርዓት ታጥቆ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ያስቸገረኝ ይኸው ነው።

የመጋዘኑ አሥራ አራተኛ መተላለፊያ ግራና ቀኙ ጣሪያ ሊነካ ምንም ባልቀረው መደርደሪያ ታጥሮ ጠባብ ሸለቆ ይመስላል። መሐሉ ላይ ሠራተኞቹ «መቀስ» የሚሉት ማሽን ቆሟል፤ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተዘረጉ ሰው የቆመበትን መድረክ ሽቅብ ያወጣሉ። መድረኩ አሁንም ዘጠኝ ሜትር ላይ ነው። ከሥሩ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በጀርባው ተዘርግቷል። ሠላሳ ያልሞላው፣ አጭርና ቀጭን ሰው። የሥራ ጓደኞቹ «ድንቢጥ» ይሉት ነበር።

ከትከሻው እስከ ጭኑ የደህንነት ቀበቶ ለብሷል። የደረቱ ማሰሪያ ቀጥ ብሎ ተቆልፏል። የጭኖቹ ጠፍሮች አንድም ቦታ አልተጣመሙም፤ የተረፉት ጫፎች ሳይቀሩ ተጣጥፈው በየቀለበታቸው ገብተዋል። ከጀርባው በሚወጣው ገመድ ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ ግን የያዘው ነገር የለም። የግራ ጭኑ ተሰብሮ ሱሪውን እስኪወጥር አብጧል።

«መንጠቆውን ረስቶ ነው» አለኝ አጠገቤ የቆመ ሰው። ሰፊ ደረት አለው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ማስታወሻ ደብተር ይዟል። «የመጋዘኑ የደህንነት ባለሙያ ነኝ። ሴፍቲው ይሉኛል። ቢሮ ሆኜ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ሮጬ መጣሁ፤ ወዲያው አምቡላንስ ጠራሁ። ሲደርሱ ሞቷል።»

«ስንት ሰዓት ላይ ጠሩ?»

«ሦስት ከሠላሳ ስምንት። ስልኬ ላይ አለ።»

ሳጅኗ ተንበርክከው ቀበቶውን ያዩ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው አለቃ እያሉ አንተ ይሉኛል።

«አለቃ፣ የትርፉን ጫፍ ሳይቀር አጣጥፎ ያስገባ ሰው መንጠቆውን ይረሳል?»

«ሰው ይረሳል እኮ።»

«ባሌ ይረሳል። ግን ባሌ ሸሚዙንም ቆልፎ አያውቅም።»

ከየማሰሪያው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ጠፍሩ ላይ ቢጫ የቀለም መስመር ተሰምሯል። ጀርባው ላይ ስድስት ቁጥር ተጽፏል። መስመሩ የፋብሪካ ምልክት መሰለኝና አለፍኩት።

ሴፍቲው ሳልጠይቀው ፋይል አመጣልኝ። ሟቹ ከሦስት ሳምንት በፊት ከፍታ ላይ ለመሥራት ሰልጥኗል። የሁለቱ ቀን የስም መቆጣጠሪያ፣ የፈተና ውጤት፣ የብቃት ካርድ፣ የአሰልጣኟ ፊርማ፣ ሁሉም አለ። ውጭ አገር ምርመራ ስማር ፋይል ሲሟላ ደስ ይበላችሁ ይሉን ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ የተሟላ ፋይል ሳይ ሆዴን ይበላኛል።

ዐቃቤ ሕጉን ግን አልበላውም። አሰልጣኟ በዚያው ቀን ከትምህርት ቤቷ ተይዛ ገባች። ያላበቃችውን ሰው አብቅቻለሁ ብላ ፈርማለች፤ ሰው ሞቷል። «ሐሙስ ቀትር ላይ ክስ እመሠርታለሁ» አለኝ በማግስቱ በስልክ። «ካስፈረድኩባት አምስት ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱም ይዘጋል። የምትጨምረው ካለ እስከዚያ አምጣ።»

ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

*

የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ፎርክሊፍት ነጂው ነው።

«ቀጭኔን ጠይቁት። ከሟቹ ጋር ወር ሙሉ አይነጋገሩም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ቤት ውስጥ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል።»

ቀጭኔ በር ሲገባ አጎንብሶ ነው የገባው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛዬን ነካ።

«ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሁለተኛ መተላለፊያ፣ ዕቃ ሳወርድ።»

«ጫኞቹ ፎርክሊፍቱ ቆሞ ነበር ብለውናል» አሉ ሳጅኗ። «ዕቃውን በአንገትህ ነው ያወረድከው?»

ፊቱ ደም መሰለ።

«ከድንቢጥ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«የግል ነገር ነው።»

«ሰውዬው ሞቷል፤ የግል የሚባል ነገር አልቋል።»

«አልገደልኩትም» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። በምሳ ሰዓት ሳጅኗ «ይህ ልጅ ወይ ገዳይ ነው ወይ አፍቃሪ ነው፤ ሁለቱም እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው» አሉኝ። እኔ ገዳይ ነው ወደሚለው አደላሁ፤ ማቆያ ክፍል አስገባሁት።

አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ጣቢያው መጣች። የድንቢጥ ታናሽ እህት ናት። አልቅሳ ጨርሳ፣ ድምጿ ብቻ ቀርቷል።

«ቀጭኔን ልቀቁት። ከእኔ ጋር ነበር።»

«የት?»

«በስልክ። ሊያገባኝ ይፈልጋል። ወንድሜ እምቢ ብሎ ነው የተጣሉት። ‹አብራችሁ ስትሄዱ ሰው ሁሉ ይስቅባችኋል፣ እኔ የቤተሰባችን ረጅሙ ሆኜ ነው የኖርኩት› ይል ነበር።» ፈገግታ ሊመጣባት ሲል ተመለሰ። «እየቀለደ ነበር እኮ፤ ሊስማማ ምንም አልቀረውም። ቀጭኔ ስለ እኔ ሲል ነው ዝም ያለው። ትናንት መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ጀርባ ተደብቆ እያወራኝ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ‹ምንድን ነው?› አልኩት። ‹ዕቃ ወድቆ ነው፣ እዚህ ሁሌ ይወድቃል› አለኝ።»

ሳጅኗ ወንበር ሳቡላት።

«ያ ድምፅ…» አለችና አልጨረሰችውም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ከዚያ በኋላ ወዲያው ነው የዘጋነው። ሰዓቱን እዩት።»

ጥሪው የተዘጋው ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ነው።

ሳጅኗ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሦስት ከአሥራ አራት ወደቀ። ሦስት ከሠላሳ ስምንት አምቡላንስ ተጠራ። ሃያ አራት ደቂቃ። አለቃ፣ ሴፍቲው ከቢሮው እየሮጠ ነው ወይስ በጉልበቱ እየዳኸ የመጣው?»

«ድምፁን የሰማው ዘግይቶ ይሆናል። ወይም ልጅቷ የሰማችው ድምፅ ሌላ ዕቃ ሲወድቅ ነው።» እጠራጠራለሁ፤ መጠራጠር ልማዴ ነው። ቀጭኔን ግን ፈታሁት።

*

ረቡዕ ጠዋት ሐኪሟ ሬሳውን ከመረመረችበት ክፍል ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«ማን ነው ያለበሰው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቀበቶውን። ና እይ።» ፎቶግራፎቹን ዘረጋች። «ጭኑ ሲሰበር ደም ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ቀስ በቀስ ያብጣል። ይህን ያህል ለማበጥ ልብ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መምታት አለበት። ታጥቆ ወድቆ ቢሆን ኖሮ እግሩ ሲያብጥ ጠፍሩ ሥጋው ውስጥ ይሰምጥ ነበር። እኔ ግን ሳልፈታው እጄን አስገባሁ፤ መዳፌ ዘው ብሎ ገባ። ጠፍሩ የተለካው ባበጠው ጭን ላይ ነው።»

«ከሞተ በኋላ?»

«አይደለም። ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ላይ በልዟል። በሕይወት እያለ ነው።»

«አምቡላንስ ወዲያው ቢጠራለትስ?»

ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ከመጋዘኑ እዚህ ስድስት ደቂቃ ነው። ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ የሞተው ደም ፈስሶት ነው። ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልልህም። ግን ብዙ ጊዜ ነበረው።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የምፈልገው ማን እንደጣለው ነበር። አሁን የምፈልገው ሌላ ሰው ሆነ፤ ወድቆ ያገኘውንና ስልክ በማንሳት ፈንታ ቀበቶ ያነሳውን።

*

አሰልጣኟን ያገኘኋት ማቆያ ክፍል ውስጥ ሌላዋን እስረኛ ከአልጋ ላይ እንዴት መውረድ እንዳለባት ስትመክር ነው። ሃምሳ ዓመት አካባቢ፣ ፀጉሯ አጭር፣ አንድ እግሯን የምታነክስ ሴት ናት። ሰልጣኞቿ «እትዬ ቀበቶ» ይሏታል።

«ስንቱን አሰለጠኑ?»

«ሁለት ሺህ ሲሞላ መቁጠር ተውኩ። አንድም አልወደቀብኝም። እኔ ራሴ ነኝ የወደቅኩት፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፤ ለዚህ ነው የማስተምረው።»

«ሰልጣኞችዎ ሲታጠቁ የሚያደርጉት የተለየ ነገር አለ?»

ዓይኗ በራ። «የጭኑን ጠፍር ሲያጠብቁ መዳፍ መግባት አለበት፣ ጡጫ መግባት የለበትም። ሺህ ጊዜ አስደርጋቸዋለሁ፤ ተኝተው ቢያስታጥቋቸውም እጃቸው ራሱ ይፈትሻል። ትርፉን ጫፍ አጣጥፎ ቀለበቱ ውስጥ መክተት። ከዚያ ልክ ሲሆን ማሰሪያው ያረፈበት ላይ በቢጫ ቀለም መስመር እናሰምራለን። በሚቀጥለው ቀን ታጥቆ መስመሩ ከማሰሪያው ጋር ካልገጠመ ወይ ተሳስቷል ወይ የሌላ ሰው ቀበቶ ለብሷል።»

ወረቀት ላይ የያዝኩት እስክሪብቶ ቆመ። የድንቢጥ መስመር ከማሰሪያው አንድ ስንዝር ርቆ ነበር።

«ያን ሰልጣኝ ያስታውሱታል? ባለ ስድስት ቁጥሩን?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! ከክፍሉ አንደኛ ነው። ጸጥ ያለ ልጅ፣ ያልኩትን ሁሉ ማስታወሻ የሚይዝ። ደረቱ እንዲህ ሰፊ ሆኖ…» እጇን ዘረጋች። «ቀበቶው እምቢ ብሎን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ለቀቅንለት። እሱ ነው ሞተ ያላችሁኝ? ሌሊቱን ሙሉ ምኑን አጎድዬበት ነው እያልኩ ነበር።»

የሟቹን ፎቶ አስቀመጥኩላት። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ማን ነው?» አለች።

«ድንቢጥ።»

«ልጄ፣ ይህን ሰው በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።»

ውጭ ስንወጣ ሳጅኗ «በቃ፣ መጋዘኑን እናሳያትና ሰውየውን ትጠቁመን» አሉ።

«የእሷ ቃል የተከሳሽ ቃል ነው። ዐቃቤ ሕጉ ራሷን ለማዳን ነው ይላል። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ልል እችላለሁ።»

«አንተማ የገዛ እናትህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ።»

«ስለዚህ መጀመሪያ ቀበቶው ይመስክር። እሷ መኪና ውስጥ ትጠብቀን።»

*

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የመጋዘኑ ልብስ መቀየሪያ ክፍል። ካርድ ያላቸውን አምስቱንም የማሽን ሠራተኞች የየራሳቸውን ባለ ቁጥር ቀበቶ አስለበስኳቸው። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሴፍቲውን መስመሩ ከማሰሪያው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት፤ ደስ ብሎት ደብተሩን ከፈተ።

አንድ ቁጥር፣ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር። ሁለት ቁጥር፣ ስምንት። ሦስት ቁጥር ጭራሽ አልቆለፈለትም።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ ሳጅኗ። «በሦስት ሳምንት ሁላችሁም ሰውነት ቀየራችሁ?»

ከአምስቱ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሥራ አስኪያጁን አይቶ ዋጠው። አምስተኛው ሲለካ ብዕሩ የሴፍቲው እጅ ላይ መንቀርፈፍ ጀምሯል።

«ጨረሳችሁ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «በሉ ወደ ሥራችሁ፤ ዛሬ ሦስት መኪና ይጫናል።» አምስቱ ተንጋግተው ወጡ፤ እሳቸውም ተከተሉ።

ስድስት ቁጥርን ከከረጢቱ አወጣሁ።

«ይህንን ማን ይልበሰው?» አልኩ።

«ባለቤቱ ሞቷል» አለ ሴፍቲው።

«እርስዎ ቢሞክሩትስ?»

«እኔ?» ደብተሩን ዘጋው። «እኔ እኮ ከማሽኑ ሠራተኞች አይደለሁም።»

«ለመዝገቡ ነው። አንድ ሰው ሳይለካ ቀረ እንዳይሉን።»

ሳጅኗ እምቢ የሚልበት ጊዜ አልሰጡትም፤ ልጅ እንደሚያለብሱ በትከሻው አጠለቁለት። የደረቱን ማሰሪያ ቆለፉ። ሐኪሟ ስትፈታ የጠበቀውን ለቅቃው ነበርና የጭኑን ጠፍሮች እንደ አዲስ መሳብ ነበረባቸው። «እስቲ አንተው አስተካክለው፤ እኔ አላውቅበትም» አሉት።

እጁ ሄደ። ጠፍሩን ሳበው፤ መዳፉን ከሥሩ አስገባ፤ ጡጫውን ጨብጦ ሞከረ፤ አልገባም። ትርፉን አጣጥፎ ቀለበቱ ውስጥ ከተተው። ወደ ታች ሲያይ ያደረገውን ያየ መሰለኝ። አራቱም ቢጫ መስመሮች ከማሰሪያዎቹ ጠርዝ ጋር ተገጣጥመዋል፤ በመካከላቸው ምላጭ አይገባም።

«ብዙ ሰው የእኔን ያህል ደረት አለው» አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

በሩን ከፈትኩት። አሰልጣኟ እያነከሰች ገባች። ወደ እሱ ስታይ ፊቷ በመጀመሪያ ፈካ፤ በሕይወት ያገኘችው ሰው ነዋ።

«አንደኛው ተማሪዬ!» አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ወረደ። «ሁለት ቀን ሙሉ በሟቹ ስም ስጠራህ አቤት ትለኝ ነበር።»

ሴፍቲው ቀበቶውን እንደለበሰ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

*

ሲናገር ለእሷ ነው የተናገረው፤ እኔን አላየኝም።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ለሁለት ቀን አይለቀቅም ብለው ነበር። ካርድ ግን ያስፈልጋል። ከተረኛነት ውጭ የነበሩ አምስት ዘበኞችን በአምስቱ ስም ላከ። ስድስተኛ ሰው ሲያጣ ራሱ ሄደ።

«ልማርም ፈልጌ ነበር» አለ። «ይህን ሥራ ሲሰጡኝ ማንም አላስተማረኝም፣ እትዬ።»

«እሺ። ሰኞስ?»

«አሥራ አራተኛ መተላለፊያ ላይ አምፖል ተቃጠለ። እንግዶች ሊመጡ ነው። ቀበቶዎቹ የእኔ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ‹ሁለት ደቂቃ ነው፣ ውጣ› አልኩት። አልደርስ ሲለው የመድረኩን አጥር ረግጦ ቆመ። ከሥሩ ሆኜ እያየሁት ነው የወደቀው።»

«እና ስልክ ይዘህ ነበር» አልኩ።

«ይዤ ነበር።» ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። «መጀመሪያ ቀበቶ ላድርግለት፣ ከዚያ እደውላለሁ አልኩ። የራሴን አመጣሁ፤ የእሱ ቁጥር ነዋ ያለበት። ቶሎ የሚያልቅ መሰለኝ። እጄ ግን በትክክል ካልሆነ እምቢ አለኝ።»

«ይናገር ነበር?» አለች አሰልጣኟ።

ሴፍቲው የደረቱን ማሰሪያ በጣቱ ዳሰሰ። «‹ምን እያደረግህልኝ ነው?› አለኝ። ‹እንዳይብስብህ እያሰርኩህ ነው› አልኩት።» ማሰሪያውን ለቀቀው። «አመሰገነኝ።»

ሳጅኗ ካቴናውን ያወጡት ሳይቀልዱ ነው። እንዲህ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ለዐቃቤ ሕጉ ደወልኩ። አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሲጨቃጨቅ ቆይቶ ሁሉንም ከሰማ በኋላ «ልቀቃት» አለ። የመፍቻውን ወረቀት መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ ፈረምኩና ሰጠኋት።

«ነፃ ነዎት። ትምህርት ቤትዎም አይዘጋም። ሳጅኗ እቤትዎ ያደርሱዎታል።»

ወረቀቱን ሳታነበው አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ተከትላኝ ወደ ዋናው አዳራሽ ወጣች። እኔ ስለ ቃል መቀበያው፣ ስለ አምስቱ ዘበኞች፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ መጥሪያ እያሰብኩ ነበር። ስዞር ከጎኔ የለችም። ሦስተኛው መተላለፊያ አፍ ላይ ቆማ ሽቅብ ታያለች።

ዘጠኝ ሜትር ላይ፣ ከአምስቱ አንዱ፣ ያ ሲለካ የሳቀው፣ ካርቶን ይደረድራል። ከለካነው አንድ ሰዓት ያህል ቢሆነው ነው። አምስቱም እንዳልሰለጠኑ በሴፍቲው ደብተር አስጽፌ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ቆሜ አይቻለሁ። ማስረጃ ሲመስሉኝ ሰዎች መሆናቸውን ረሳሁት።

«ልጄ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ አስተጋባ። «እጅህን ከካርቶኑ ላይ አንሳ። አጥሩ መሐል ቁም። አሁን ቀስ ብለህ አውርደው። ቀስ!»

ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው ብቅ አሉ። «ማነሽ አንቺ? ሥራ አታስቁሚ!»

«ያቁሙ» አልኳቸው። «ሁሉም ማሽን። እርስዎን ቀጥሎ ነው የምፈልገው።»

መድረኩ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ሰውየው ሲሚንቶውን ሲረግጥ እጇን ዘረጋችለት። ካርዱን ነው የፈለገችው። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። የራሷን ፊርማ አየች፤ ፊቱን አየች።

«ከሥራ ያባርሩኛል እንዴ?» አለ ሰውየው።

ካርዱን ወስዳ የመፍቻ ወረቀቱ ያለበት ኪስ ውስጥ ጨመረችው።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት እንገናኝ» አለችው። «አራቱንም ጓደኞችህን ይዘህ ና። ሰው እንዳትልክ። አንተ ራስህ።»